ሜሮንን ለማምጣት ወደ ቀዝቃዛው ወንዝ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ላላችሁት ሁሉ፣ በተለይ ለታናሽ እህቴ ለዘነበች፤ ይህን የምጽፈው ከመንገድ ከተመለስኩ ዐሥር ቀን ሆኖኝ ነው። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ካርዱ አለቀና መሃል ላይ ተቆረጥን። ደግሞ በስልክ ሲሆን ሰው ቶሎ ወደ መጨረሻው ይሮጣል። እኔ ግን መንገዱንም፣ ያደርንበትንም፣ የበላነውንም በተራ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ታውቃላችሁ፤ የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እለፉልኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ልጄ ሜሮን ሃያ ዓመቷ ነው። ዴንተን በሚባል የተማሪዎች ከተማ ስትማር ቆይታ ለነርስነት አመለከተችና ተቀበሏት። ያን ቀን እኔና አባቷ ቤት ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለልን። ከገና በኋላ ግን «አንድ መንፈቅ ላርፍ» ብላ ከእኛ አራት ሰዓት በመኪና ወደሚርቅ ኦክላሆማ ወደሚባል አገር ሄደች። ምን ልትሠራ? ዓሣ ልትቆጥር! የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ቆመው ዓሣ ይመዝናሉ፣ ውሃው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይለካሉ። እሷም ከእነሱ ጋር ገባች። በዚህ መሃል ከነርሶቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ቦታዋን ከፈለገች እስከ ሰኞ ፈርማ እንድትመልስ፣ አለበለዚያ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ይላል። አባቷ ደብዳቤውን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «የእኔን ስልክ አታነሳም። አንቺ ሂጂ። እሷን ሳትይዢ እንዳትመለሺ» አለኝ።

ሌላውን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሜሮን ግን አታውቀውም ነበር። ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ እስካገባ ድረስ ሐይቁ ዳር በቢላ ዓሣ ስገፍፍ እንደኖርኩ ነግሬያት አላውቅም። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ አፍንጫዋን ስትይዝ፣ በሎሚ ታጥቤም ሽታው አልለቅ ሲለኝ፣ በመጨረሻ ደብተሬን ጥዬ እንደቀረሁ አልነገርኳትም። «ሆቴል ቤት ነበር የምሠራው» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ከዓሣ ያራቅኳት ልጅ በገዛ እግሯ ሄዳ ዓሣ ውስጥ ገባች። 

ዓርብ

የምንኖርባት ኧርቪንግ የአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ናት። እኔ ክፍል የማጸዳበት ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምታመላልሰው አስናቁ መኪናዋን ይዛ ረፋድ ላይ መጣችልኝ። እኔ ሰፈር ውስጥ እነዳለሁ እንጂ ሀይዌይ ላይ አልወጣም፤ ከጎኔ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አስናቁ እግሯንም ምላሷንም ፈጥና የምታነሣ ሴት ናት። የጫንኩትን ስታይ ወገቧን ይዛ ቆመች። አራት ብርድ ልብስ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ።

«እትዬ፣ ስደት ነው ወይስ ጉብኝት?»

«መኪናው ቢበላሽስ?»

«ቢበላሽ እኮ ሱቅ አለ። በረሃ አይደለም የምንገባው!»

ቢሆንም አንዱንም አላወረድኩም። ጸሎት አደረስን፣ ቀበቶዋን ማሰሯን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ወጣን። ደብዳቤው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ እዚህ የነበረው ብርድ ሌላ ነበር። በረዶው መንገዱን መስታወት አድርጎት ሰዉ ቤቱ ታሽጎ ሰነበተ፤ የጎረቤታችን የውሃ ቧንቧ ፈነዳ፤ በጓሮዬ ያለው ጎመን እንደተቀቀለ ሆኖ ሞተ። እኛ አገር ብርድ ሲባል ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ነው፤ ጋቢ ደርበው ያሳልፉታል። አሁን ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ከከተማው ስንወጣ ገና ቅጠል ባላወጡ ዛፎች ላይ ሐምራዊ አበባ ብቻውን ተንጠልጥሎ አየሁ። ቅጠል ሳይኖር አበባ! ሰው ልብሱን ሳይለብስ ባርኔጣ ያደረገ ይመስላል።

መስታወቱ ላይ የተለጠፈው መንገድ መሪ መሣሪያ በሴት ድምፅ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» ይላል። አስናቁ ልትሟገተው ብላ አንድ መታጠፊያ አለፈችና አንድ ሰዓት ሙሉ በከብት እርሻ መሃል ዞርን። በኋላ የገባንባት ከተማ ስሟ ፓሪስ ሆነ። የእውነት! ከብረት የተሠራ ረጅም ማማ አቁመው አናቱ ላይ ትልቅ ቀይ የከብት ጠባቂ ባርኔጣ ደፍተውለታል። አስናቁ ከሥሩ አቁማ ፎቶ አነሣችኝ።

«ለዝዋይ ሰዎች ‹ፓሪስ ገባሁ› ብለሽ ጻፊ፤ ውሸት የለበትም።»

ይኸው ጻፍኩ።

ከዚያ ቀይ ወንዝ የሚባለውን ተሻገርን። እውነትም ቀይ ነው፣ ክረምት ላይ እንደሚሞላ ወንዛችን። ድልድዩ እስኪያልቅ የመኪናውን በር ጨብጬ ነበር። ከወንዙ ማዶ አገሩ ተለወጠ፤ ሜዳው አለቀና ጥድ የለበሰ ኮረብታ መጣ።

ሜሮን የምትኖረው ሚስ ዋንዳ የተባሉ ባልቴት ቤት ነው። ከፊት ለፊት መንጠቆና የዓሣ ምግብ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ከኋላው መኖሪያቸው ነው። ሜሮን ከበሩ ሮጣ ወጥታ አቀፈችኝ። ከስታለች። እጇ ተሰነጣጥቋል። አፍንጫዬን አንገቷ ሥር ስከት የሸተተኝን ሽታ በምድር ላይ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። 

ሚስ ዋንዳ የበቆሎ ዳቦና ያለ አሳማ ሥጋ የተቀቀለ ባቄላ አቀረቡልን። ሜሮን አስቀድማ እንደማንበላ ነግራቸው ለእኛ ብለው ሌላ ድስት ጥደው ነበር። የበቆሎ ዳቦው እንደ ኬክ ይጣፍጣል፤ ቅቤ በላዩ ይቀልጣል። እንደ እኛ እናቶች ናቸው፤ ሳህኑ ባዶ ከሆነ ሳይጠይቁ ይሞላሉ። እምቢ ስል በምልክት ቀጭን ነሽ አሉኝ። በአሜሪካ ቀጭን የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከእራት በኋላ «ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል» ሲሉ ቶሎ ይሰጠኝ አልኩ። ሳላጠምድም ወንዙ አጠገብ ብቆም እንኳ ወረቀት ይኑረኝ! ፈቃዱን በሱቃቸው የሚሸጡት ራሳቸው ሚስ ዋንዳ ናቸውና ለቅጹ ቁመቴንና ክብደቴን ጠየቁ።

«ክብደቱ የዓሣው ነው የእኔ?» አልኩ።

«ማሚ፣ ያንቺ!» ሜሮን ሳቀች።

አስናቁ ከወንበሯ፣ «እውነቱን ንገሪ፣ መንግሥት ነው የሚጠይቅሽ» አለች።

ደብዳቤውን ግን ያን ማታ አላወጣሁም። ልጅቷ ስትስቅ አይቼ ልቤ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ወደ ወንዙ ወረድን። ሜሮን እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ አለበሰችኝ፤ ስራመድ ጀሪካን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። አስናቁ ፎቶ ማንሣቷን አላቆመችም።

ወንዙ እንደ ሐይቃችን አይደለም። የእኛ ውሃ ደፍርሶ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ይህኛው ግን እንደ ጠርሙስ ጠጠሩ ሁሉ ይታያል። በላይ በኩል ግድብ አለ፤ ውሃው ከግድቡ ሥር ስለሚወጣ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ደግሞ ብርድ ካልሆነ አይኖርም። ኧርቪንግ እኛ ሰፈር ባለው የፓርክ ኩሬ ውስጥም በብርዱ ወራት ይጨምሩታል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ያልተያዘው ይሞታል። እዚህ ግን ይኖራል።

«ሶ፣ ማሚ፣ ዘንድሮ ዊንተሩ በጣም ኮልድ ስለነበረ» አለች ሜሮን ትንሽ መለኪያ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ «ዓሣው እስካሁን ስሎው ነው። ማለቴ፣ ታች ይተኛል። አይበላም። ሁሉም ሰው ኮምፕሌን እያደረገ ነው።»

እውነቷን ነው። ከላይ እስከ ታች የቆሙት ሰዎች ሁሉ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በላባና በክር የተሸፈነ፣ የሚያምር ቢራቢሮ የሚመስል መንጠቆ ይወረውራሉ፤ ዓሣው ዞር ብሎም አያየው። ሜሮን ቁጥሩን በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። እጅ ጽሑፏ ያምራል። ይህ እጅ ነው በሽተኛ የሚያክመው ብዬ አስቤ ደብዳቤውን አወጣሁ።

«ሜሪዬ፣ እስከ ሰኞ ነው። ፈርሚና አብረን እንመለስ። አባትሽ እንቅልፍ የለውም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ፣ ለዚህ ነው የመጣሽው? ላይሽ መጣሁ አልሽ እኮ።»

«ላይሽም ነው።»

«እኔ ይሄን ላይክ አደርጋለሁ። ፊሽ ባዮሎጂ መማር ነው የምፈልገው። ለምን አይገባሽም?»

«ዓሣ ትምህርት አይደለም! ዓሣ ሽታ ነው! እጅሽን እዪው እስኪ፣ የሴት እጅ ነው?»

«ስለ ዓሣ ምን ታውቂያለሽ አንቺ?» አለችኝ።

አስናቁ አንገቷን አቀርቅራ ጠጠር ለቀመች። እኔ ደብዳቤውን በላስቲኩ መልሼ ጠቀለልኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሜሮንም ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ተሰማ። ሜሮን ከሩቅ፣ «ውጡ! ውሃ እየለቀቁ ነው!» ብላ ጮኸች። ግድቡ መብራት ሊያመነጭ ውሃ ሲለቅ ወንዙ ይሞላል። ሜሮን የማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ ጠዋት አንብባልኝ ስለነበር እኔ አስቀድሜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ዕቃዬም ከእኔ ጋር። አስናቁ ግን ምሳችንን የያዘውን ሣጥንና አንድ እግር ጫማዋን ዳር ላይ ትታ ነበር። ሁለቱም ተያይዘው እየተንሳፈፉ ሄዱ።

«ጫማዬ ሄደ፣ እትዬ! ዳቦሽም!»

«በረሃ አይደለም ብለሽኛል፤ ሱቅ አለ» አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው። ሜሮንም ሳትወድ ሳቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስ ዋንዳ ወጥ ቤት ቆመው አንድ ትራውት እየቆረጡ ነበር። ጎረቤታቸው ከግድቡ አጠገብ በትል እንደምንም ይዞ ሰጥቷቸዋል። እንዴት ልበላችሁ፣ ሥጋውን አጥንቱ ላይ እየተዉ፣ ቢላውን እንደ መጋዝ እየሳቡ። ዓይኔ አልቻለም። እጄ ከእኔ ሳይማከር ተዘርግቶ ቢላውን ተቀበላቸው።

ከጭንቅላቱ ሥር ገባሁ፣ እስከ ጅራቱ በአንድ ትንፋሽ ሄድኩ፣ ገለበጥኩ፣ እንደገና። ሥጋው አንድ አጥንት አላስከተለም። ሚስ ዋንዳ አንድ ነገር ብለው ጮኹ። አስናቁ፣ «እትዬ! ቀዶ ጥገና ነው እንዴ?» አለች። ሜሮን እጄን ታያለች።

ቀጥሎ ያደረግኩትን እናንተ ሳትነገሩ ታውቁታላችሁ። ሆድ ዕቃውን ከመጣሌ በፊት ጨጓራውን ሰንጥቄ ያለውን በጣቴ ሳህን ላይ አወጣሁት። ሐይቅ ዳር ሆዱ ሳይታይ የሚጣል ዓሣ አለ? ጀልባ ላይ የሚወጡት ከእኛ ጠይቀው አይደለም እንዴ መረባቸውን የት እንደሚጥሉ የሚመርጡት? ጥቁር ጥቁር፣ ጤፍ የሚያህል ነገር ነበር። ቢራቢሮ የሚመስል ምንም የለም።

«ይኸው» አልኩ፣ «አይበላም ያልሽው ዓሣ ይበላል። እናንተ ዶሮ ትወረውሩለታላችሁ፤ እሱ የሚበላው ጤፍ ነው።»

ሜሮን ማጉያ መነጽሯን አምጥታ ሳህኑ ላይ ተደፋች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች። «ማሚ፣ እነዚህ የውሃ ትንኝ ልጆች ናቸው። ታች ጭቃው ውስጥ የሚኖሩ።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ሆድ ማየት ማን አስተማረሽ?»

ያኔ ተቀምጬ ነገርኳት። ሐይቁን፣ ቢላውን፣ ሎሚውን፣ አፍንጫዋን የያዘችውን ልጅ፣ ጥዬው የቀረሁትን ደብተር። አስናቁም አብራኝ እየሠራች አታውቅም ነበር፤ አንድ ቀልድ እንኳ ሳትጥል ሰማችኝ። ሜሮን እጄን ይዛ ጣቴን አሸተተች። ዓሣ ነው የሚሸተው። ልነጥቃት ፈለግኩ፤ አልለቀቀችኝም።

«እንደኔ ነው የሚሸተው» አለች።

እሁድ

ጎህ ሳይቀድ የበራ መብራት ቀሰቀሰኝ። ሜሮን ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ መንጠቆ ትሠራለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትንሽ መንጠቆ አላየሁም፤ ጥቁር ክር ጠምጥማበት ከማታው ጥቁር ነገር አይለይም። «እዪው፣ ይመስላል?» አለችኝ። እኔን ጠየቀችኝ! «ትንሽ ይቅጠን» አልኩ። አቀጠነችው።

አስናቁ የሚስ ዋንዳን ሟች ባል ቦቲ ተጫምታ ተከተለችን። ሳሩ ላይ ውርጭ ነበር። ወንዙ ረግቶ እንፋሎት ያወጣል። ሜሮን ወገቤን ይዛ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ አቆመችኝ፤ ጡሩምባው ቢጮህ በየት እንደምንወጣ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

«ኦኬ ማሚ፣ ወደ ታች ይውረድ። ቀስ። በጣም ቀስ።»

«አንቺ ዝም በይ። መጠበቅ አውቃለሁ።»

አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ክሩ ቆመ። ነከሰ እንኳ አይባልም፤ ሰው ቀሚስሽን በቀስታ እንደሚይዝሽ ነው። ሳብ ሳደርገው ወንዙ ሁሉ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ! በመረብ የተያዘ ዓሣ ነው የማውቀው፤ ሞቶ የሚመጣልኝን ነው። ሕያው ዓሣ ይዤ አላውቅም ነበር፤ እስቲ አስቡት፣ በሺህ የሚቆጠር ገፍፌ! ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በጎኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር በፀሐይዋ ይበራል። ሜሮን «ኪፕ ዘ ሮድ አፕ! ወደ ላይ! ማሚ ወደ ላይ!» እያለች ትጮኻለች፤ አስናቁ ከዳር «እትዬ በርቺ፣ እንዳይጎትትሽ!» ትላለች።

መረቡ ውስጥ ሲገባ እልል አልኩ። ከሆዴ፣ ሦስት ጊዜ። ወንዙ ላይ የነበረ ወንድ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካ ትራውት የሚጠመደው በዝምታ ነው! አንድ ሽማግሌ ግን ባርኔጣቸውን አነሡልኝ፤ ከዚያ ምን እንደተጠቀምን ለመጠየቅ መጡ። ሜሮን ነገረቻቸው። ወደ እኔ እያመለከተች፣ በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ ናት የደረሰችበት። ዝዋይ ላይ ዓሣ ገፋፊ ነበረች» አለቻቸው። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ይገባኛል። ያን ቃል በዚያ ድምፅ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

እስከ ረፋድ አራት ዓሣ ያዝን። ሜሮን ሁሉንም መዘነች፣ ሁለቱን መልሳ ለቀቀች፣ ሁለቱን በረዶ ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ። ልንሄድ ስንል ደብዳቤውን እንደገና አወጣሁት።

«ይኸው። የአንቺ ስም ነው ያለበት» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችው። «ብፈርም ለአንቺ ነው የምፈርመው፣ ማሚ።»

ላስቲኩን አልፈታሁትም። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «ብርድ ልብሶቹን ትቼልሻለሁ፣ አራቱንም» አልኳት። ሚስ ዋንዳ ትናንት ዓሣ የገፈፍኩበትን ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉና አቀፉኝ።

በመመለሻው መንገድ አስናቁ ብዙ አልቀለደችም። ድልድዩ ላይ ግን፣ «ለባለቤትሽ ምን ልትዪው ነው?» አለችኝ። የመኪናውን በር እንደገና ጨበጥኩ። 

ኧርቪንግ ስንደርስ ፀሐይ እየገባች ነው። የሜሮን አባት በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ እንዳለ ሲያይ ወደ ኋላ ወንበር አጎንብሶ ፈለገ።

«የታለች?»

«ሥራ ላይ ናት። ዓሣ ይዤልህ መጥቻለሁ።»

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ላስቲኩን ፈትቶ ፊርማ ፈለገ፣ ገለበጠውና ጀርባውንም ፈለገ። ተከትሎኝ ወጥ ቤት ገባ። እኔም ዓሣውን አውጥቼ መግፈፍ ጀመርኩ። በዚህ ቤት ዓሣ ስገፍፍ የመጀመሪያዬ ነው። ካገባኝ ጀምሮ የዚያን ሥራ ነገር እንዳያነሣብኝ ለምኜው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ እጄን ያያል። ጨጓራውን ስሰነጥቅ ቀረብ አለ።

«አሁንም ሆዱን ታያለሽ?»

«ልጅህም ታያለች። በማጉያ።»

«ምን በልቷል?»

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ ደብዳቤው እጁ ላይ እንዳለ፣ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ነገር አየው። የምናገረው ሁሉ አንደበቴ ላይ ተደርድሮ ጠበቅኩ። እሱ ግን ቀና ሳይል፣

«ሜሮንስ?» አለ። «እሷ ምን ትበላለች እዚያ?»

«ባቄላ። የበቆሎ ዳቦ። ከስታለች።»

ደብዳቤውን አጥፎ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠና የላይኛውን ቁም ሣጥን ከፈተ።

«ድርቆሽ የተረፈ አለን?» አለ። «ካርቶን ልፈልግ።»